የእንስሳትን ዝምድና ከዲኤንኤ ማንበብ፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ከቀላሉ ጀምረን ወደ ከባዱ እንሄዳለን፤ ዓመቶቹ በሙሉ እ.ኤ.አ. ናቸው።

ሞለኪውላዊ መረጃ ሲባል ምን ማለት ነው?

ከሕያዋን ሴል ውስጥ የሚነበብ መረጃ ነው። ዋናው ዲኤንኤ ነው። ዲኤንኤ በአራት ኬሚካላዊ ፊደላት የተጻፈ ረጅም ሰንሰለት ነው፤ ኤ፣ ቲ፣ ጂ እና ሲ ይባላሉ። ከዲኤንኤ የሚቀዳው አርኤንኤም፣ በመጨረሻ የሚሠራው ፕሮቲንም ያገለግላሉ። ፕሮቲን የሚገነባው ከ20 ዓይነት አሚኖ አሲዶች ነው። የእነሱም ተራ እንደ ጽሑፍ ይነበባል።

ፊደሎቹ ብቻ አይደሉም የሚቆጠሩት። ጂኖች (የየራሳቸው ሥራ ያላቸው የዲኤንኤ ክፍሎች) በክሮሞሶም (ዲኤንኤ በተጠቀለለበት ክር) ላይ የተሰለፉበት ቅደም ተከተል፣ የሆነ ቦታ ገብቶ እዚያው የቀረ ትርፍ የዲኤንኤ ቁራጭ፣ ጠፍቶ የቀረ ጂን፣ ሁሉም ማስረጃ ይሆናል።

ታዲያ ዲኤንኤ ማን ከማን እንደሚዛመድ እንዴት ይናገራል?

የድሮ ብራና ገልባጮችን አስቡ። አንዱ ሲገለብጥ አንዲት ቃል ይስታል። ከእሱ ቅጂ የገለበጡት ሁሉ ያንኑ ስህተት ይዘው ይቀጥላሉ፤ የራሳቸውንም ይጨምሩበታል። መቶ ቅጂ ቢሰጣችሁ፣ የጋራ ስህተት ያላቸውን እያሰባሰባችሁ የትኛው ከየትኛው እንደተገለበጠ መድረስ ትችላላችሁ። ዲኤንኤም ከወላጅ ወደ ልጅ ሲገለበጥ አልፎ አልፎ ፊደል ይቀየራል። ለውጡ ሚውቴሽን ይባላል።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚስተው ነገር አለ። ሁሉም እንስሳ ከጥንት ጀምሮ የያዘው ፊደል በመካከላቸው ማን ለማን እንደሚቀርብ አይነግረንም። የሚጠቅመን አዲሱ ለውጥ ነው። ሁለት ወገኖች ብቻ የሚጋሩት ለውጥ፣ ከሌሎቹ ከተለዩ በኋላ የጋራ ቅድመ አያት እንደነበራቸው ይጠቁማል።

ሐሳቡ የተቀጣጠለው በ1960ዎቹ ነው። ኤሚል ዙከርካንድልና ላይነስ ፖሊንግ ሄሞግሎቢን የተባለውን ኦክስጅን ተሸካሚ የደም ፕሮቲን ከተለያዩ እንስሳት ወስደው አነጻጸሩ። ሞለኪውል የታሪክ ሰነድ ነው የሚለውን አስተሳሰብ ያስረገጡት እነሱ ናቸው።

መልክና አጥንት አይበቃም ነበር?

ብዙ ርቀት ወስዶናል። ጅብ ውሻ ቢመስልም ለድመት ወገን እንደሚቀርብ የታወቀው የራስ ቅሉን በማጥናት ጭምር ነው። ችግሩ ተመሳሳይ ኑሮ ተመሳሳይ መልክ መስጠቱ ነው። ውሃ ውስጥ የሚዋኝ ብዙ እንስሳ ወደ ዓሣ ቅርጽ ያዘነብላል። ጉድጓድ ቆፋሪው ብዙውን ጊዜ ጠንካራ ጥፍር ያበቅላል፤ ዓይኑም ያንሳል። በዘር ሳይገናኙ በመልክ ይገናኛሉ።

በተቃራኒው ደግሞ የቅርብ ዘመዶች ጨርሶ ላይመሳሰሉ ይችላሉ። ዝሆን፣ ሽኮኮ፣ አዋልድጌሳ፣ ውሃ ውስጥ የሚኖረው ማናቲ፣ ረጅም አፍንጫ ያላት ትንሿ ሴንጊና የማዳጋስካሩ ቴንሬክ አንድ ቤተሰብ ናቸው ቢባል ማን ያምናል? ዝሆን፣ ሽኮኮና ማናቲ እንደሚቀራረቡ ከአጥንት ተጠርጥሮ ነበር። ሌሎቹን ያሰባሰባቸው ግን ዲኤንኤ ነው። በ1998 አፍሮቴሪያ የሚል ስም ተሰጣቸው፤ አብዛኛው ታሪካቸው ከአፍሪካ ጋር የተያያዘ ነውና።

ለእኔ ከሁሉ የሚገርመው የዓሣ ነባሪ ነገር ነው። ድሮ የሚታመነው ሜሶኒኪድ ከተባሉ፣ ሰኮና ከነበራቸውና ዛሬ ከጠፉ ሥጋ በሎች እንደመጣ ነበር፤ ጥርሳቸው ይመሳሰላል። ከዚያ የጃፓን ተመራማሪዎች በጂኖም፣ ማለትም በአንድ እንስሳ ሙሉ ዲኤንኤ፣ ውስጥ እየተቀዱ የሚዘሉ አጫጭር የዲኤንኤ ቁራጮችን ተከታተሉ። እንዲህ ያለ ቁራጭ በሁለት ወገኖች ጂኖም ውስጥ ልክ አንድ ቦታ ላይ በአጋጣሚ የመግባት ዕድሉ እጅግ ጠባብ ነው። በ1999 ባወጡት ሥራ ዓሣ ነባሪና ጉማሬ ብቻ የሚጋሯቸው ቁራጮች ተገኙ። በ2001 ደግሞ በፓኪስታን የተገኙ እግር ያላቸው ጥንታዊ ዓሣ ነባሪዎች የቁርጭምጭሚት አጥንት ይፋ ሆነ። አጥንቱ የላም፣ የአሳማና የጉማሬ ወገን መለያ የሆነውን ቅርጽ ይዞ ተገኘ። አጥንቱም ዲኤንኤውን ደገፈ ማለት ነው።

ሰው ከቺምፓንዚ መጣ ማለት ነው?

አይደለም። ሰውና ቺምፓንዚ የጋራ ቅድመ አያት ነበራቸው ማለት ነው። ያ ቅድመ አያት ሰውም ቺምፓንዚም አልነበረም። ከተለያዩ በኋላ ሁለቱም በየራሳቸው መንገድ ተለውጠዋል፤ የዛሬው ቺምፓንዚ የእኛን ያህል ዘመን የተጓዘ እንስሳ ነው። በዲኤንኤ ጎን ለጎን በሚሰለፉት ክፍሎች ላይ የነጠላ ፊደል ልዩነታቸው 1.2 በመቶ ገደማ ነው። የገቡና የጠፉ ቁራጮች ሲታከሉ ልዩነቱ ይጨምራል። በየቦታው የተለያየ መቶኛ የምታዩትም ለዚህ ነው።

የዝምድናውን ዛፍ ሳየው እንዴት ላንብበው?

ጫፎቹን ትታችሁ መገናኛዎቹን ተመልከቱ። ሁለት ቅርንጫፎች የሚገናኙበት ነጥብ የጋራ ቅድመ አያታቸው ነው። ነጥቡ ወደ ጫፎቹ በቀረበ ቁጥር ዝምድናቸውም ይቀርባል። በጫፎቹ ላይ ማን ከማን ጎን ተጻፈ የሚለው ግን ምንም ትርጉም የለውም። እያንዳንዱን መገናኛ ብታዞሩት ዛፉ ያው ነው።

ከላይ የተጻፈው የበለጠ የሠለጠነ፣ ከታች ያለው ኋላ ቀር አይደለም። ሁሉም ጫፍ ዛሬ ላይ ነው። የቅርንጫፉ ርዝመት ደግሞ በብዙ ሥዕሎች ላይ የለውጡን መጠን ያሳያል፤ በሌሎች ላይ ዘመንን ያሳያል፤ አንዳንዴም ምንም አያሳይም። ከሥዕሉ ሥር ያለውን ማብራሪያ ሳታነቡ አትለፉ።

ዛፉ እንዴት ነው የሚሠራው?

መጀመሪያ ከየእንስሳው አንድ ዓይነት ጂን ይነበባል። ከዚያ ጽሑፎቹ ይሰለፋሉ። ከአንድ ጥንታዊ ፊደል የወረዱ ፊደሎች በአንድ ዓምድ ሥር እንዲውሉ ይደረጋል። ፊደል የጠፋበት ቦታ ክፍት ይተዋል። ይህ እርምጃ ቀላል ይመስላል፤ ግን እዚህ የተሠራ ስህተት እስከ መጨረሻው ይከተላል። በኋላ የሚመጣ ጥሩ ሶፍትዌር አያድነውም።

ቀጥሎ ፕሮግራሙ ዛፎችን ይመዝናል። አንዱ መንገድ ትንሹን የለውጥ ብዛት የሚጠይቀውን ዛፍ መምረጥ ነው። ዛሬ በብዛት የሚሠራበት ግን ሌላ ነው፦ ፊደላት እንዴት እንደሚለወጡ የሚገልጽ ሞዴል ይቀመጣል፣ ከዚያ ያየነውን መረጃ ለማስገኘት የበለጠ ዕድል ያለው ዛፍ ይፈለጋል። ሁሉንም ዛፍ መሞከር አይቻልም። ለ10 ዝርያዎች ብቻ ሥር (የታወቀ መነሻ) ያላቸው ዛፎች 34,459,425 ናቸው። ለ20 ዝርያዎች ቁጥሩ 22 አሃዝ አለው። ስለዚህ ፕሮግራሙ በብልሃት ይፈልጋል እንጂ ሁሉንም አይቆጥርም።

የመጨረሻው ሥር ማስያዝ ነው። ከቡድኑ ውጭ እንደሆነ በእርግጠኝነት የሚታወቅ አንድ ዘመድ ይጨመርና ዛፉ የት ላይ እንደሚጀምር ያመለክታል። ይህ የውጭ ዘመድ በጣም ሩቅ ከሆነ ሥሩ የተሳሳተ ቦታ ሊያርፍ ይችላል።

የትኛው ጂን ነው የሚመረጠው?

እንደ ጥያቄው ነው። በቅርብ የተለያዩ ዝርያዎችን ለመለየት ቶሎ ቶሎ የሚለወጥ ጂን ያስፈልጋል። የሚቶኮንድሪያ (የራሱ ዲኤንኤ ያለው፣ ለሴል ኃይል የሚያመነጭ ክፍል) ጂኖች ለዚህ ተወዳጅ ናቸው፤ በአንድ ሴል ውስጥ ብዙ ቅጂ ስላላቸው በቀላሉ ይገኛሉ። ከመካከላቸው 650 ገደማ ፊደል ያለው የሲኦዋን ጂን ቁራጭ የእንስሳት ዝርያዎች መለያ ሆኖ ያገለግላል።

ከግማሽ ቢሊዮን ዓመት በፊት የተለያዩ ወገኖችን ለማነጻጸር ግን ቀስ ብሎ የሚለወጥ ይፈለጋል። በ1988 እንስሳትን በሰፊው ያነጻጸረው የመጀመሪያው ትልቅ ጥናት የተጠቀመው የራይቦሶም (ፕሮቲን የሚሠራው የሴል ክፍል) አርኤንኤን ነበር። ዛሬ በመቶዎችና በሺዎች የሚቆጠሩ ጂኖች በአንድ ላይ ይነበባሉ።

ራሴ መሞከር እችላለሁ?

አዎ፣ ላቦራቶሪም አያስፈልግም። ጂንባንክ የተባለው የመረጃ ቋት ለማንም ክፍት ነው። የአሥር እንስሳትን አንድ ጂን አውርዱ፣ በማፍት አሰልፉ፣ በአይኪው-ትሪ ዛፍ ሥሩ። ሁለቱም ፕሮግራሞች ነፃ ናቸው፤ በተራ ላፕቶፕ ላይም ይሠራሉ። ከዚያ ጂኑን ቀይራችሁ ድገሙት። ዛፉ ሲቀያየር በዓይናችሁ ማየት ከብዙ ንባብ ይበልጣል።

መቼ እንደተለያዩ እንዴት ይታወቃል?

ሚውቴሽን በዘመን ብዛት ይከማቻል። ፍጥነቱን ካወቅን ልዩነቱን ወደ ዓመት መቀየር ይቻላል። ይህ የሞለኪውል ሰዓት ይባላል። በ1967 ቪንሰንት ሳሪችና አለን ዊልሰን አልቡሚን የተባለውን የደም ፕሮቲን አነጻጽረው፣ ሰው ከቺምፓንዚና ከጎሪላ የተለየው ከ5 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት ነው አሉ። ትልቅ ተቃውሞ ገጠማቸው። በወቅቱ 14 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ዕድሜ ያለው ራማፒቴከስ የተባለ ቅሪተ አካል የሰው ቅድመ አያት ነው ተብሎ ይታመን ነበርና። በኋላ ራማፒቴከስ ለኦራንጉታን ወገን እንደሚቀርብ ታወቀ፤ የሁለቱ ሰዎች ግምት ወደ እውነቱ የቀረበ ሆነ።

ሰዓቱ ግን ለሁሉም እኩል አይመታም። ቶሎ ቶሎ የሚወልዱት አይጦች ከዓሣ ነባሪዎች ይልቅ በፍጥነት ለውጥ ያከማቻሉ። ስለዚህ ዕድሜያቸው በታወቀ ቅሪተ አካላት ሰዓቱ ይስተካከላል፤ ፍጥነቱም ከቅርንጫፍ ቅርንጫፍ እንዲለያይ ይፈቀዳል። ማስተካከያው ከተበላሸ ውጤቱም ይበላሻል። በ1996 የወጣ ጥናት ዋና ዋናዎቹን የእንስሳት ወገኖች መለያየት ከ1 ቢሊዮን ዓመት በፊት አድርጎት ነበር። በኋላ የተሻሻሉ ሰዓቶች ቁጥሩን በብዙ አወረዱት። የስህተት ወሰን ሳይጻፍ አንድ ዓመት ብቻ ደረቅ ብሎ የተቀመጠበት ዘገባ ካያችሁ ወደ ዋናው ጥናት ሂዱ።

ከዳይኖሰር ዲኤንኤ ማውጣት ይቻላል?

አይቻልም። ዲኤንኤ እንስሳው ከሞተ ጀምሮ ይሰባበራል። ቅዝቃዜ ያዘገየዋል እንጂ አያቆመውም። በ2021 ከሳይቤሪያ በረዷማ መሬት ከወጡ የማሞዝ ጥርሶች ከ1 ሚሊዮን ዓመት በላይ የሆነ ዲኤንኤ ተነበበ። በ2022 ደግሞ ከግሪንላንድ ደለል 2 ሚሊዮን ዓመት ገደማ የሆነው ተገኘ። ዳይኖሰሮች፣ ወፎችን ሳንቆጥር፣ ከጠፉ 66 ሚሊዮን ዓመት ሆኗቸዋል።

ፕሮቲን ትንሽ ይሻላል። በጥርስ ሽፋን ውስጥ ተደብቆ ሞቃት አገር ውስጥ እንኳ ሊቆይ ይችላል። በ2019 በደቡብ ቻይና ከተገኘ፣ 2 ሚሊዮን ዓመት ከሚጠጋ የጂጋንቶፒቴከስ ጥርስ ፕሮቲን ተነበበ። ያ ግዙፍ ዝንጀሮ የኦራንጉታን ዘመድ መሆኑ የተረጋገጠው በዚህ ነው።

በቅርንጫፉ ላይ 100 ተብሎ ከተጻፈ እርግጠኛ ነው ማለት ነው?

ይህን ጥያቄ ሁሉም ሰው ቢጠይቅ ደስ ይለኛል። ቁጥሩ አብዛኛውን ጊዜ ቡትስትራፕ ይባላል፤ ጆ ፌልዘንስታይን በ1985 ለዘር ሐረግ ጥናት ያስተዋወቀው ዘዴ ነው። ከተሰለፈው መረጃ ዓምዶች በዕጣ እየተወሰዱ፣ አንዱ ዓምድ ተደጋግሞ ቢወጣም እየተፈቀደ፣ አዲስ መረጃ ይዘጋጃል። ይህ ብዙ መቶ ጊዜ ይደገማል፤ በየጊዜውም ዛፍ ይሠራል። 100 ማለት ያ ቅርንጫፍ በሁሉም ድግግሞሽ ታየ ማለት ነው።

ስለዚህ ቁጥሩ የሚለካው መረጃው ለአንድ ውጤት ምን ያህል እንደሚያደላ ነው። ውጤቱ እውነት ይሁን አይሁን አይለካም። ሞዴሉ ከተሳሳተ መረጃው ሁሉ ወደ ስህተቱ ሊያደላ ይችላል። በሺህ ጂኖች ሲሠራ ደግሞ ሁሉም ቅርንጫፍ ማለት ይቻላል 100 ያገኛል። እርስ በርስ የሚቃረኑ ሁለት ጥናቶች ሁለቱም 100 ይዘው የወጡበት ጊዜ አለ።

አንዱ ጂን አንድ ዛፍ፣ ሌላው ጂን ሌላ ዛፍ ለምን ይሰጣል?

የጂን ታሪክና የዝርያ ታሪክ አንድ ላይሆኑ ስለሚችሉ ነው። የጎሪላ ጂኖም በ2012 ሲነበብ፣ ከጂኖሙ 30 በመቶ ያህሉ ላይ ጎሪላ ለሰው ወይም ለቺምፓንዚ ይቀርባል፤ ሁለቱ እርስ በርስ ከሚቀራረቡት በላይ። ዝርያዎቹ የተለያዩት በአጭር ጊዜ ውስጥ ነው። በቅድመ አያታቸው ውስጥ የነበሩት የተለያዩ የጂን ዓይነቶች ገና ሳይጣሩ ወደ ሦስቱም ወረዱ። ሰውና ቺምፓንዚ የበለጠ ይቀራረባሉ የሚለው ግን አይናጋም፤ አብዛኛው ጂኖም ይደግፈዋል።

መዳቀልም አለ። የዋልታ ድብ ሚቶኮንድሪያ ከአንዳንድ የአላስካ ደሴቶች ቡናማ ድቦች ጋር ይቀራረባል፤ የተቀረው ጂኖም ግን የዋልታ ድብን ራሱን የቻለ ወገን ያደርገዋል። ሌላው ችግር ጂን ሲባዛ ነው። የአንዱን እንስሳ አንደኛ ቅጂ ከሌላው ሁለተኛ ቅጂ ጋር ካነጻጸርን ዝርያዎቹን ሳይሆን የቅጂዎቹን መለያየት ነው የምናነበው።

አልፎ አልፎ ጂኑ ራሱ በተመሳሳይ ኑሮ ምክንያት ይመሳሰላል። ፕሬስቲን የሚባለው ከመስማት ጋር የተያያዘ ፕሮቲን በድምፅ ማሚቶ የሚያድኑ የሌሊት ወፎችን ከዶልፊን ጋር ያሰባስባቸዋል። በ2010 ይህ ሲታወቅ ትልቅ መነጋገሪያ ሆነ። መልክ ያታልላል ብለን ወደ ሞለኪውል መጣን፤ ሞለኪውልም አንዳንዴ እንደዚያው ያደርጋል።

መረጃ ከበዛ ስህተቱ አይጠፋም?

የዕድል ስህተት ይጠፋል። አድሏዊ ስህተት ግን በመረጃ ብዛት ይጠነክራል። ዋነኛው የረጅም ቅርንጫፎች መሳሳብ ይባላል። ፊደሎቹ አራት ብቻ ናቸው። ሁለት ወገኖች በጣም ቶሎ ከተለወጡ፣ ማለትም ቅርንጫፋቸው ረጅም ከሆነ፣ በአጋጣሚ ብቻ ብዙ ቦታ ላይ አንድ ፊደል ላይ ይገጣጠማሉ። ደካማ ዘዴ ይህን እንደ ዝምድና ያነበዋል። ፌልዘንስታይን በ1978 ያሳየው የሚያስደነግጥ ነገር ነበር፦ እንዲህ ባለ ሁኔታ ትንሹን ለውጥ የሚመርጠው ዘዴ መረጃ በተጨመረለት ቁጥር በስህተቱ ላይ የበለጠ እርግጠኛ ይሆናል።

በእንስሳት ታሪክ ውስጥ ይህ በተግባር ታይቷል። የድሮ መጻሕፍት ሸረሪትና ነፍሳትን ከመሬት ትል ጋር ያስቀምጡ ነበር፤ የሁሉም አካል በክፍል በክፍል የተከፋፈለ ነውና። በ1997 አንድ የራይቦሶም ጥናት ይህን ገለበጠው። ተመራማሪዎቹ ሆን ብለው ጂናቸው ቀስ ብሎ የሚለወጥ ድቡልቡል ትሎችን መረጡ። ውጤቱ ነፍሳትንና ድቡልቡል ትሎችን አንድ ላይ አደረጋቸው፤ ሁሉም ቆዳቸውን እየቀየሩ የሚያድጉ ናቸው። ቡድኑ ኤክዳይሶዞአ ተባለ። የመሬት ትል ከቀንድ አውጣ ወገን ሄደ።

ከጥቂት ዓመታት በኋላ ሙሉ ጂኖም መነበብ ሲጀምር አንዳንድ ጥናቶች ሐሳቡን ተቃወሙት። በመቶዎች የሚቆጠሩ ጂኖችን ይዘው ዝንብ ከድቡልቡል ትል ይልቅ ለሰው ትቀርባለች አሉ። ግን የነበሯቸው ዝርያዎች ጥቂት ነበሩ፤ ትሉም በላቦራቶሪ የታወቀው፣ ጂኑ በፍጥነት የሚለወጠው ሲ. ኤሌጋንስ ነበር። ረጅሙ ቅርንጫፉ ወደ ሩቁ የውጭ ዘመድ ተሳበ። ተጨማሪ ዝርያዎች ገብተው ሞዴሉ ሲሻሻል ኤክዳይሶዞአ ተመልሶ ጸና። እኔ አንድ ጥናት ሳይ ከጂኖቹ ብዛት በፊት የትኞቹ እንስሳት እንደተካተቱ የማየው ለዚህ ነው።

ናሙናው ውስጥ የሌላ እንስሳ ዲኤንኤ ቢኖርስ?

ዛፉ የዚያን እንስሳ ቦታ ይነግራችኋል። ዜኖተርቤላ የምትባል፣ በስዊድን የባሕር ዳርቻ ጭቃ ውስጥ የምትኖር ቀላል ትል መሳይ እንስሳ አለች። አንጎልም ፊንጢጣም የላትም። በ1997 ዲኤንኤዋ ሲነበብ የባለ ሁለት ቅርፊት ዛጎል ለበስ እንስሳት ዘመድ ናት ተባለ። በ2003 ግን ያ ዲኤንኤ የበላችው ምግብ መሆኑ ታወቀ።

እውነተኛ ቦታዋ እስካሁን ያከራክራል። በ2016 የወጡ ጥናቶች ግራና ቀኝ አካል ካላቸው እንስሳት ሁሉ ቀድማ የተለየች አድርገዋታል። በ2019 የወጣ ሌላ ጥናት ደግሞ ከኮከብ ዓሣ ወገን ጋር አስጠግቷታል። የመጀመሪያው ትክክል ከሆነ ቀላልነቷ ከጥንት የወረሰችው ሊሆን ይችላል። ሁለተኛው ከሆነ ግን የነበራትን ብዙ ነገር አጥታለች ማለት ነው።

ከእንስሳት ሁሉ ቀድሞ የተለየው ማን ነው?

ሁለት ተፎካካሪዎች አሉ። አንዱ ሰፍነግ ወይም ስፖንጅ ነው፤ ነርቭም ጡንቻም የለውም። ሌላው ኮምብ ጄሊ ነው፤ ብርሃን የሚበትኑ የፀጉር ረድፎች ያሉት፣ ነርቭና ጡንቻ ያለው የባሕር እንስሳ። ለረጅም ጊዜ መልሱ ያለ ክርክር ሰፍነግ ነበር። በ2008 ብዙ ጂኖችን ያሰባሰበ ጥናት ኮምብ ጄሊን አስቀደመ። በ2013 እና በ2014 የታተሙት ሁለት የኮምብ ጄሊ ጂኖሞችም ወደዚያው አዘነበሉ። በ2015 ደግሞ ይህ የረጅም ቅርንጫፍ መሳሳብ ነው፣ የተሻለ ሞዴል ሲገባ ሰፍነግ ይቀድማል የሚል መልስ መጣ።

በ2023 ጥያቄው ከሌላ አቅጣጫ ተነሳ። ተመራማሪዎች ፊደላቱን ትተው የትኞቹ ጂኖች በአንድ ክሮሞሶም ላይ አብረው እንዳሉ አነጻጸሩ። የተለያዩ ክሮሞሶሞች ጂኖች አንዴ ተዋሕደው ከተደባለቁ ወደ ቀድሞ ምድባቸው መመለስ አይችሉም ማለት ይቻላል። በሰፍነግና በሌሎች እንስሳት ላይ የተደባለቁ፣ በኮምብ ጄሊና ከእንስሳት ውጭ ባሉ ባለ አንድ ሴል ዘመዶች ላይ ግን ገና ያልተደባለቁ የጂን ስብስቦች ተገኙ። ይህ ኮምብ ጄሊ ቀድሞ ተለየ የሚለውን ይደግፋል። እኔን ከሌሎቹ ማስረጃዎች ይልቅ የሚያሳምነኝም ይህ ነው፤ በረጅም ቅርንጫፍ አይታለልም። ሆኖም የተገኙት ስብስቦች ጥቂት ናቸው፤ ክርክሩም አልተዘጋም።

ጉዳዩ የቅደም ተከተል ብቻ አይደለም። ኮምብ ጄሊ ቀድሞ ከተለየ፣ ወይ ነርቭ ሁለት ጊዜ ለየብቻ ተፈጥሯል፣ ወይ ደግሞ ሰፍነግ የነበረውን ነርቭ አጥቷል። የኮምብ ጄሊ ነርቭ መልእክት ለማስተላለፍ የሚጠቀምባቸው ኬሚካሎች ከሌሎች እንስሳት የተለዩ መሆናቸው ለሁለት ጊዜ መፈጠር እንደ ማስረጃ ይቀርባል። ሌሎች ግን የጋራ የሆኑ የነርቭ ጂኖችን እያነሱ ይከራከራሉ።